ከጋፋት እስከ መቅደላ፦ ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ እና ተቋም ያላገኘው ምህንድስና

ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። ገና ደጃዝማች ካሣ ተብለው ሲጠሩ፣ በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ የግብጽን ጦር ገጥመው በመድፍ ብልጫ ተሸነፉ። በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ከነገሡ በኋላ የጦር መሣሪያን በአገር ውስጥ መሥራት ከዋና ዓላማዎቻቸው አንዱ ሆነ።

ለዚህ ሥራ የተመረጠው በደብረ ታቦር አጠገብ የሚገኘው ጋፋት ነበር። ከባዝል አካባቢ የመጡት የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን፣ ቴዎፊል ዋልድማየር ጭምር፣ በማባበልም በማስገደድም ወደ መሣሪያ ሥራ እንዲዞሩ ተደረገ። መድፍ የማቅለጥ ልምድ ስላልነበራቸው የመጀመሪያ ሙከራቸው ከሸፈ፤ እየደጋገሙ በመሞከር ግን ተሳካላቸው። በዚያው ስፍራ የኢትዮጵያ ወጣቶች ንባብና የእጅ ሙያ የሚማሩበት ትምህርት ቤትም ተከፈተ። የሥራው ማብቂያ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ሆነ።

ንጉሠ ነገሥቱ የውጭ ባለሙያ ፍለጋቸውን አላቋረጡም። ለንግሥት ቪክቶሪያ በ1855 ዓ.ም. የላኩት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ የእንግሊዝ ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ሚሲዮናዊው ፍላድ የእጅ ባለሙያዎችንና መሣሪያዎችን እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ተላከ። የተቀጠሩት ባለሙያዎች ምጽዋ ቢደርሱም፣ እስረኞቹ አስቀድመው ካልተፈቱ እንዳያልፉ በመወሰኑ ወደ መሐል አገር ሳይገቡ ቀሩ። ዕውቀትን ለማግኘት የተያዘው መንገድ ራሱ የዕውቀቱን በር ዘጋ።

በዚህ ጊዜ በላስታና በዋግ ዋግሹም ጎበዜ፣ በሸዋ ደግሞ ምኒልክ ከቁጥጥራቸው ወጥተው ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቻቸውንና የጋፋትን ባለሙያዎች ይዘው ወደ መቅደላ ተጓዙ። ሴባስቶፖልን በጅዳና በበሽሎ ገደሎች ለማሳለፍ መንገድ እየተቆረጠ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጎተቱት። መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ወር ነው። የጄኔራል ናፒር ጦር ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ድል አደረገ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሠዉ።

ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ ዋልድማየር በኋላ በሊባኖስ ኖረ። ሴባስቶፖል ግን እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ይገኛል። የጋፋት ታሪክ በብዛት የሚነገረው በዚህ መድፍ ግዝፈት ነው፤ ለምርምር ታሪክ ግን ክብደት ያለው ከመድፉ ጀርባ የነበረው አደረጃጀት ነው። ሥራው በአንድ ንጉሥ ፈቃድ የቆመ፣ ዕውቀቱም በነጻ ፈቃዳቸው ባልቆዩ ጥቂት ሰዎች እጅ የነበረ ስለሆነ፣ ንጉሡ ሲወድቁና ሰዎቹ ሲሄዱ ሁለቱም አብረው ተቋረጡ። በሃርድዌር፣ በሮቦቲክስም ሆነ በኮምፒውተር ምህንድስና መስክ የአንድ ተመራማሪ ሥራ ከእሱ በኋላ የሚቀጥለው፣ የሠራው መሣሪያ ስለቆመ ሳይሆን ሥራውን ተረክቦ የሚያሻሽል ተተኪና ተተኪውን የሚያኖር ተቋም ሲኖር ነው።