ካርል ላንድሽታይነር፤ የደምን ልዩነት የገለጠ፥ የቆዳንም ቁጣ የመረመረ

በየሆስፒታሉ ደም የሚቀበል ሰው ሁሉ ስሙን ሳያውቀው የአንድ ሰው ባለዕዳ ነው። ይህም ሰው ዶክቶር ካርል ላንድሽታይነር ነው። ዓለም የሚያውቀው በደም ዓይነቶች ግኝቱ ይሁን እንጂ፥ ዕድሜውን ሙሉ የደከመበት ጥያቄ ከዚያ የሰፋ ነበረ፤ ይኸውም ሰውነት የራሱን ከባዕዱ ለይቶ የሚያውቀው እንዴት ነው? ባዕድ ሲገባበትስ አንዳንዴ የሚቆጣው፥ አንዳንዴም የሚታገሠው ስለ ምንድን ነው? የሚል ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ላንድሽታይነር በ1868 በኦስትሪያ፥ በቪየና አጠገብ በምትገኘው በባደን ተወለደ። አባቱ የታወቀ ጋዜጠኛ ነበረ፤ ነገር ግን ልጁ በስድስት ዓመቱ ገደማ አባቱ ስለ ሞተ እናቱ ብቻዋን አሳደገችው። እናቱን እጅግ ይወድ ነበርና፥ ከሞተች በኋላ የፊቷን ቅርጽ በግድግዳው ላይ ሰቅሎ እስከ ዕለተ ሞቱ አኖረው። በ1891 በቪየና ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርቱን ፈጸመ። ይሁን እንጂ በዚህ አልረካም፤ ወደ ጀርመንና ወደ ስዊስ ሄዶ ኬሚስትሪ ተማረ። ከመምህራኑም አንዱ ስመ ጥሩው ኤሚል ፊሸር ነበረ። የኋላ ሥራው ሁሉ በዚህ ትምህርት ላይ ተመሠረተ።

ወደ ቪየና ተመልሶ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ3,600 የሚበልጥ ሬሳ መረመረ። ከዚህ አድካሚ ሥራ ጎን ለጎን ከራሱና ከባልደረቦቹ ደም እየቀዳ፥ የአንዱን ቀይ ሴል ከሌላው ሴረም፥ ማለት ከረጋው ደም ላይ ከሚቀረው ውሃ ጋር ቀላቀለ። አንዳንዱ ተጓጎለ፤ አንዳንዱ ግን እንዳለ ቀረ። በ1901 ሰዎችን በሦስት የደም ወገን ከፍሎ አስታወቀ፤ አራተኛው በ1902 በባልደረቦቹ ተገኘ። ከዚያ በፊት ደም መስጠት እንደ ዕጣ ነበረ፤ አንዱን ያድናል፥ ሌላውን ይገድላል። በ1908ም ከኤርቪን ፖፐር ጋር ሆኖ የልጅነት ልምሻን ወደ ዝንጀሮ በማስተላለፍ በሽታው ተላላፊ መሆኑን አሳየ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቪየና ተራበች። ላንድሽታይነርም በ1919 ባለቤቱንና ሕፃን ልጁን ይዞ ወደ ሆላንድ ተሰደደ፤ በዘ ሄግ በአንድ ትንሽ ሆስፒታል ተራ ምርመራ እየሠራ ኖረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኒው ዮርኩ የሮክፌለር ኢንስቲትዩት ጠራው፤ በ1930ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

አሁን አንባቢ ልብ ሊለው ወደሚገባው ሥራ እንደርሳለን። ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት አንቲቦዲ የሚባል ተከላካይ ያዘጋጃል። ላንድሽታይነር ታናናሽ የኬሚካል ቅንጣቶችን ከፕሮቲን ጋር አጣብቆ ለእንስሳት ወጋ። ቅንጣቷ ብቻዋን ስትሆን አንቲቦዲ አታስነሣም፤ በፕሮቲን ላይ ስትጫን ግን ሰውነት ያውቃታል። ይህችን ቅንጣት ሃፕተን ብሎ ሰየማት። የአንድ ሃፕተን አቶሞች ጥቂት ቦታ ቢለውጡ እንኳ አንቲቦዲው ልዩነቱን የሚለይ መሆኑን አሳየ።

ይህ ዕውቀት የቆዳን ሕመም ፈታ። ሲሚንቶ የሚያቦካ ግንበኛ እጁ ይሰነጠቃል፤ የኒኬል ጌጥ ያደረገች ሴት ጆሮዋ ያሳክካታል። በ1935 ላንድሽታይነርና ጆን ጃኮብስ እንዲህ ያሉ ቀላል ኬሚካሎች ጊኒ ፒግ በምትባለው እንስሳ ላይ የቆዳ ቁጣ እንደሚያመጡ አሳዩ። ቅንጣቷ ከሰውነቱ ከራሱ ፕሮቲን ጋር ትጣበቃለች፤ ሰውነትም የራሱን ነገር እንደ ባዕድ ይቈጥረዋል። በ1942 ደግሞ ከሜሪል ቼዝ ጋር ሆኖ ይህ ቁጣ ወደ ጤነኛ እንስሳ የሚተላለፈው በሴረም ሳይሆን በሕያዋን ነጭ የደም ሴሎች መሆኑን አረጋገጠ። አንቲቦዲ ብቻውን ሁሉን አይሠራም ማለት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፥ በጁን 1943፥ በላቦራቶሪው ውስጥ ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ታመመ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ዐረፈ። ዕድሜው 75 ዓመት ነበረ።

ሥራው ግን አልቆመም። በ1946 ቼዝ እነዚያኑ ኬሚካሎች አስቀድሞ ለጊኒ ፒጎች አበላቸው። በኋላ ቆዳቸውን ሊያስቆጣ ቢሞክር አብዛኞቹ አልተቆጡም፤ በአፍ የገባውን ሰውነታቸው ለመደው። ይህ ትዕግሥት ከየት መጣ? በ1970 ሪቻርድ ጌርሾንና ካዙናሪ ኮንዶ፥ ቲ የተባሉት ሴሎች የሌሎችን ሴሎች ሥራ፥ አንቲቦዲ ማዘጋጀትንም ጭምር፥ ሊገቱ እንደሚችሉ አስታወቁ። በ1980ዎቹ ግን የእነዚህ ገቺ ሴሎች ምልክት የተባለው ጂን በታሰበበት ስፍራ ስላልተገኘ ብዙ ሊቃውንት ነገሩን ናቁት። ሺሞን ሳካጉቺ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ በ1995 ትክክለኛውን ምልክት አገኘ። እነዚህ ሴሎች ሲጎድሉ የአይጦች ሰውነት በራሱ ላይ እንደሚነሣም አሳየ። በ2025 እርሱና ሁለት ሌሎች ተመራማሪዎች በዚህ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ ሰውነት ዝም ሲል ሥራ ፈትቶ አይደለም፤ ጠላትን የሚመታ እንዳለው ሁሉ፥ የሚመታውን እጅ የሚይዝም አለው። ላንድሽታይነር እዚህ ሳይደርስ ሞተ፤ ነገር ግን መንገዱን የጠረገው እርሱ ነው። ለእኛ ለተማሪዎችም የሚተርፍ ነገር አለው፤ ሐኪም ሳለ ኬሚስትሪን ባይማር ኖሮ ሃፕተንን ባላወቀ ነበር። አንድ ትምህርት ብቻ ይዞ በሩን የዘጋ ሰው፥ መልሱ በጎረቤት ክፍል እያለ ሊያጣው ይችላል።