ቅዱስ አትናቴዎስና የወንድሞች መስማማት

በሃይማኖት መጽናትና ከወንድሞች ጋር በሰላም መኖር ለብዙ ሰዎች የማይገናኙ ሁለት መንገዶች ይመስሏቸዋል። ለእምነቱ የሚቀና ሰው ወንድሙን ለመግፋት ይቸኵላል፤ ሰላምን የሚወድ ሰው ደግሞ እምነቱን ያላላል ተብሎ ይታማል። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ አትናቴዎስ ግን ሁለቱን በአንድ ልብ አስተባብሮ የያዘ አባት ነበር። ነገሥታት በተቈጡበት ጊዜ ያልጐነበሰው ይህ አባት፤ ወንድሞች በተጣሉ ጊዜ ዝቅ ብሎ የሁለቱንም ወገን ነገር ይሰማ ነበር። በዚህ ታሪክ የተነገሩት ዘመናት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አትናቴዎስ በሦስተኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ገደማ በግብፅ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ከሊቀ ጳጳሳቱ ከእለእስክንድሮስ ዘንድ ተቀምጦ ቃለ እግዚአብሔርን ተማረ፤ ዲቁናንም ተቀብሎ ጸሐፊው ሆነ። በ325 ዓመት 318ቱ ሊቃውንት በኒቅያ ተሰብስበው ወልድን ፍጡር ያለውን አርዮስን ባወገዙ ጊዜ፤ አትናቴዎስ ከአባቱ ጋር በጉባኤው ነበረ። በ328 ዓመት እለእስክንድሮስ ባረፈ ጊዜም በመንበሩ ተተካ።

ሹመቱን የተቀበለው ግን ሰላም በሰፈነበት ቤት አልነበረም። ከአርዮሳውያን ሌላ፤ በዲዮቅልጥያኖስ ስደት የካዱትን ሰዎች በንስሓ ስለ መቀበል በተነሣው ክርክር ተለይተው የወጡ ጳጳሳትና ካህናት በግብፅ ነበሩ። የኒቅያ ጉባኤ እነዚህ ወደ አንድነት የሚመለሱበትን መንገድ አበጅቶላቸው ነበር፤ ቅሬታቸው ግን ፈጽሞ አልጠፋምና ከአርዮሳውያን ጋር ተባብረው አትናቴዎስን ከሰሱት። ከክሱም አንዱ አርሳንዮስ የሚባለውን ጳጳስ ገድሎ እጁን ለአስማት ቈርጧል የሚል ነበር። ሞተ የተባለው አርሳንዮስ ግን በሕይወት ሳለ ተሸሽጎ ተገኘ። በኋላም አርሳንዮስ ራሱ ከአትናቴዎስ ጋር በአንድነት ለመኖር እየለመነ ደብዳቤ ጻፈለት። ከሳሾቹ ግን ሌላ ምክንያት ፈልገው በ335 ዓመት በጢሮስ ጉባኤ ፈረዱበት፤ ንጉሡ ቈስጠንጢኖስም ወደ ሩቅ ምዕራብ፤ ዛሬ በጀርመን አገር ወዳለችው ወደ ትሪየር ከተማ አጋዘው። ከዚህ ጀምሮ አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰደደ፤ በሹመት ከቈየባቸው 45 ዓመታት 17ቱን ያህል በስደት አሳለፈ።

ፍሬምናጦስን፤ ይኸውም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለውን፤ ለኢትዮጵያ ጳጳስ አድርጎ የላከ ይህ አባት ነው። የአርዮሳውያን ደጋፊ የነበረው ንጉሥ ቈስጠንጢዎስ በ356 ዓመት አካባቢ ወደ አክሱም፤ ወደ ዒዛናና ወደ ሳይዛና ደብዳቤ ልኮ፤ ፍሬምናጦስ የተሾመው በአትናቴዎስ እጅ ነውና ዳግመኛ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ ይሰደድ ዘንድ ጠየቀ። መርማሪውም በአትናቴዎስ መንበር በግፍ የተቀመጠው አርዮሳዊ ጳጳስ ነበር። የአክሱም ቤተ ክርስቲያን ግን በኒቅያ ሃይማኖት ጸንታ ኖረች።

በዚያው በ356 ዓመት በየካቲት ወር ምእመናን በሌሊት ጸሎት ላይ ሳሉ ወታደሮች ቤተ ክርስቲያኑን ከበው ገቡ፤ አትናቴዎስም ከመካከላቸው አምልጦ ወጣ። ስድስት ዓመት ያህልም በግብፅ በረሃ በመነኰሳት ዘንድ ተሰውሮ ኖረ። እርሱ በበረሃ ሳለ፤ በ359 ዓመት፤ ንጉሡ ብዙ ጳጳሳትን በአርሚኒና በሴሌውቅያ ሰብስቦ የኒቅያን ሃይማኖት በሚያደክም ጽሕፈት ላይ በዛቻና በማታለል አስፈረማቸው። ስለዚህ በብዙ አገር የፈረመው ጳጳስ ካልፈረመው፤ ሕዝቡም ከእረኛው ተለያየ።

ቈስጠንጢዎስ በ361 ዓመት ሞተ። ከእርሱ በኋላ የነገሠው ዑልያኖስ ክርስትናን የካደ ሰው ነበር። የተሰደዱት ጳጳሳት ሁሉ እንዲመለሱ አዘዘ፤ ይህንንም ያደረገው ክርስቲያኖች እርስ በርሳቸው ተጣልተው እንዲደክሙ አስቦ መሆኑን በዘመኑ የነበረ የሮም ታሪክ ጸሐፊ መስክሯል። አትናቴዎስ በ362 ዓመት በየካቲት ወር ወደ እስክንድርያ ገባ፤ ጠላት ለጠብ ያሰበውንም ነፃነት ለዕርቅ አዋለው።

በዚያው ዓመት ጳጳሳትን በእስክንድርያ ሰበሰበ። የተገኙት 21 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህም ከስደት የተመለሱ ነበሩ። በመጀመሪያ የታየው ነገር የፈረሙት ጳጳሳት ጉዳይ ነው። የፈረመው ሁሉ ከክህነቱ ይሻር ቢባል እጅግ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት እረኛ ባጡ ነበር። ጉባኤው ግን ተገደው ወይም ተታለው የፈረሙት የአርዮስን ትምህርት አውግዘው የኒቅያን ሃይማኖት ቢመሰክሩ በማዕርጋቸው እንዲኖሩ፤ የክሕደቱ መሪዎች ደግሞ ንስሓ ቢገቡ ይቅርታን እንዲያገኙ፤ ነገር ግን ወደ ክህነት እንዳይመለሱ ወሰነ። ስለ ሃይማኖቱ ሦስት ጊዜ ከመንበሩ የተሰደደው አትናቴዎስ ቂም ለመያዝ ምክንያት ሳያጣ በሩን ከፈተላቸው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይልቅ የረቀቀ ነበር። የኒቅያን ሃይማኖት ከሚያምኑት መካከል አንዱ ወገን በግሪክ ቋንቋ ሦስት ሂፖስታሲስ እያለ ሲያስተምር፤ ሌላው ወገን አንድ ሂፖስታሲስ ይል ነበር። ሦስት የሚሉት፤ አንድ የሚሉትን የአካላትን ልዩነት ባጠፋው በሰባልዮስ ትምህርት ይጠረጥሯቸው ነበር፤ አንድ የሚሉት ደግሞ፤ ሦስት የሚሉትን መለኮትን እንደሚከፍሉ ይቈጥሯቸው ነበር። አትናቴዎስና ጉባኤው በቃሉ ላይ ከመፍረዳቸው አስቀድመው ፍቺውን ጠየቁ። ሦስት የሚሉት ተጠይቀው፤ አብ ወልድ መንፈስ ቅዱስ በእውነት ሦስት መሆናቸውን ለመናገር እንጂ ሦስት አማልክት ለማለት እንዳልሆነ መሰከሩ። አንድ የሚሉትም ተጠይቀው፤ የመለኮትን አንድነት ለመናገር እንጂ ሦስትነትን ለመካድ እንዳልሆነ አስረዱ። ያው አንዱ ቃል ለአንደኛው ወገን አካል፤ ለሁለተኛው ወገን ባሕርይ ማለት ነበር። ነገሩ በተገለጠ ጊዜ ሁለቱም የወንድማቸው እምነት የቀና መሆኑን ዐውቀው አርዮስንና ሰባልዮስን በአንድነት አወገዙ። ጉባኤውም ወደ አንድነት ከሚመጣ ሰው ከኒቅያ ሃይማኖት በላይ ሌላ ነገር እንዳይጠየቅ መከረ።

ይህ ምክር ከሁሉ ይልቅ የተላከው ወደ አንጾኪያ ነበር። በዚያች ከተማ የነበሩት የኒቅያ ሰዎች በሁለት ተከፍለው፤ እኩሌቶቹ ለጳጳሱ ለመላጥዮስ፤ እኩሌቶቹም ለቄሱ ለጳውሊኖስ ይታዘዙ ነበር። የጉባኤው መልእክተኞች የሰላሙን ደብዳቤ ይዘው ሲደርሱ ግን፤ ከሰርዲንያ ደሴት ተሰዶ የነበረ፤ ስለ ሃይማኖቱም ብዙ መከራ የተቀበለ አንድ ጳጳስ ቀድሟቸው ጳውሊኖስን ጵጵስና ሾሞት አገኙ። በመቸኰሉ ምክንያት ቍስሉ ሰፋ፤ በአንድ ከተማም አንድ ሃይማኖት ያላቸው ሁለት ጳጳሳት ቆሙ። አትናቴዎስም በ363 ዓመት ራሱ ወደ አንጾኪያ ሄዶ ሳለ፤ ከመላጥዮስ ጋር የተጀመረው ዕርቅ ሳይፈጸም ቀርቶ ኅብረቱን ለጳውሊኖስ ሰጠ። ቅዱስ ባስልዮስ በ371 ዓመት ስለዚሁ መለያየት እንዲረዳው ለሸመገለው ለአትናቴዎስ ደብዳቤ ቢጽፍም፤ ዕርቁ በእርሱ ዘመን አልሆነም። የአንጾኪያም መለያየት ከ50 ዓመት በላይ ቈየ።

በእስክንድርያ የተዘራው ዘር ግን ሳያፈራ አልቀረም። ሦስት አካል አንድ ባሕርይ የሚለው ትምህርት ፍቺው ተለይቶ በአብያተ ክርስቲያናት ጸና፤ በ381 ዓመትም 150ው ሊቃውንት በቍስጥንጥንያ ተሰብስበው የኒቅያን ሃይማኖት አጸኑ። አትናቴዎስ ይህን ሳያይ በ373 ዓመት በመንበሩ ላይ ሳለ በሰላም ዐረፈ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግንቦት 7 ቀን በዓለ ዕረፍቱን ታከብራለች፤ በስሙም የሚጠራ ቅዳሴ አላት።

የአንድ ደብር ካህናትና ምእመናን ጠብ ብዙውን ጊዜ ሃይማኖትን በመካድ አይጀመርም፤ ካልተጠየቀ ቃል፤ ካልተከፈተ በር፤ ከችኰላ ሹመት ይጀመራል። በእስክንድርያ ወንድም ወንድሙን ጠይቆ ስለ ተረዳው ሰላም ሆነ፤ በአንጾኪያ አንድ ሰው ወንድሞቹን ሳይጠብቅ ስለ ቀደመ ልጆች የአባቶቻቸውን ጠብ ወረሱ። የቅዱስ አትናቴዎስ ጸሎቱና በረከቱ ሰላምን ከሚሹ ሁሉ ጋር ይኑር፤ አሜን።