ካርታ ሠሪው አንትዋን ዳባዲ

ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት ወይም ወደ እስቴ የሚጓዝ መንገደኛ ከሩቅ የሚያየው ታላቅ ተራራ የትኛው እንደ ሆነ ታውቃላችሁ? ጉና ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ርብና ጉማራ ከእርሱ መንጭተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ በምሥራቅ በኩል ግን አገሩ ወደ በሽሎ ሸለቆ እየተቈረጠ ይወርዳል። በስማዳና በታች ጋይንት ቆላዎች ዝናብ ሲቀር ሰውም ከብትም ውሃ ፍለጋ ይንከራተታል። እንዲህ ባለ አገር ምንጩ የት እንዳለ፣ ወንዙም ወዴት እንደሚፈስ ማወቅ የሕይወት ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያን ተራሮችና ወንዞች በመሣሪያ እየለኩ በካርታ ለማስፈር ቀደም ብለው ከደከሙት ሰዎች አንዱ አንትዋን ዳባዲ ነበር።

ዳባዲ በ1810 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት በደብሊን ከተማ ተወለደ። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ለአሥር ዓመት ያህልም ከትግራይና ከጎንደር እስከ እናርያና ከፋ ተዘዋወረ። ዘመኑ መሳፍንት እርስ በርሳቸው የሚዋጉበት ስለ ነበረ ገመድ እየዘረጉ መሬት መለካት የሚቻል አልነበረም።

ታዲያ እንዴት ለካ? ከአንድ ኮረብታ ላይ ሆኖ የሩቁን ተራራ ጫፍ በማዕዘን መለኪያ ያነጣጥራል፤ ወደ ሌላ ኮረብታ ተሻግሮም ያንኑ ጫፍ እንደገና ይለካል። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ የተራራው ስፍራ ነው። የቆመበትን ቦታ ደግሞ ከፀሐይና ከከዋክብት ያረጋግጣል። ከፍታን ለማወቅ ውሃ ያፈላል፤ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በ4,000 ሜትር ከፍታ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና።

የዓይን ሕመም ቢያሠቃየውም ሥራውን አልተወም። የልኬቱን ውጤት ከ1860 እስከ 1873 በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1881ም የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጣ።

ይሁን እንጂ ይህ ጠንቃቃ ሰው የጊቤና የኦሞ ውሃ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብሎ ለብዙ ጊዜ ተከራከረ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክም ተቃወመው። በኋላ ኦሞ የሚገባው ወደ ቱርካና ሐይቅ መሆኑ ተረጋገጠ። ዳባዲ የተራሮቹን ጫፍ በዓይኑ አይቶ ለክቷል፤ የወንዙን መድረሻ ግን ሳያይ ደምድሟል። በ1897 በፓሪስ ሲሞት ልኬቱ ሲመሰገን፣ ግምቱ ግን ወድቆ ነበር።

እንግዲህ እናንተም የመንደራችሁን ምንጭ በካርታ ለማስፈር ብትነሡ፣ ውሃው የሚደርስበትን ሳታዩ መስመሩን አትጨርሱ።