ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያንና የሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻቸው

እስክንድር ቦጎሲያን እ.ኤ.አ. በ1937 በአዲስ አበባ ከኢትዮጵያዊት እናትና አርመናዊ የዘር ሐረግ ካላቸው አባት ተወለዱ። ገና በወጣትነታቸው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኢዮቤልዩ በዓል በተካሄደ ውድድር ሁለተኛ በመውጣታቸው የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ለንደን ተላኩ። ከዚያም ወደ ፓሪስ ተሻግረው ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆዩ። በፓሪስ ከተማሩባቸው ስፍራዎች አንዱ ግራንድ ሾሚዬር ሲሆን፣ ዲግሪ የማይሰጥበት፣ ሠዓሊ ሁሉ ገብቶ የሚሠራበት ቤት ነበር። የፖል ክሌና የኩባዊው ዊፍሬዶ ላም ሥራዎች እዚያ በብርቱ ነኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 የሣሉትን «የጁጁ ሠርግ» የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገዛው።

እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ጊዜው አጭር ቢሆንም በዘመኑ ወጣት ሠዓሊያን ላይ ያሳደሩት ተጽዕኖ አጭር አልነበረም። ከዚያ ወደ አሜሪካ አቀኑ። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 2001 ድረስ በዋሽንግተን ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ።

በሥዕል ሁለተኛ ዲግሪ የሚሠራ ተማሪ በዋነኛነት የሚመዘነው በስቱዲዮ ውሎ ባፈራውና በመጨረሻ ለዕይታ በሚያቀርበው ሥራ ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ከአገሩ ለራቀ ወጣት ይህ ከባድ ነበር። የኒው ዮርክን ፈሊጥ መቅዳት ቀላል ነው፤ በናፍቆት የቤተ ክርስቲያን መላእክትን መድገምም እንዲሁ። የእስክንድር ሥራ ሦስተኛ መንገድ አሳየ። በብራናና ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይ የጠልሰምን ምልክቶች ከዘመናዊው ሥዕል ጋር አዋሕደው ፈጽሞ አዲስ ነገር ያወጡ ነበር።

ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ እ.ኤ.አ. በ1980 ከሐዋርድ በሁለተኛ ዲግሪ ተመርቀው የግእዝን ፊደላት የዕድሜ ልክ ሥራቸው አደረጉ። የከበደች ተክለአብ መንገድ ደግሞ እጅግ መራራ ነበር። በሶማሊያ እስር አሥር ዓመት ያህል ካሳለፉ በኋላ ነው ሐዋርድ የገቡት፤ ሁለተኛ ዲግሪያቸውንም እዚያው አጠናቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2001 መምህርና ተማሪ በጋራ «ኔክሰስ» የተሰኘውን የአሉሚኒየም ቅርጽ በዋሽንግተን ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ሠሩ።

እስክንድር ግንቦት 4 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን አረፉ። በዚያው ዓመት በከተማዪቱ የሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊያንን ሥራዎች ለሕዝብ አሳየ።