የጂም ኮርቤት ጠብመንጃዎችና ወራሾቻቸው

ያባትን ጠብመንጃ ለልጅ ማውረስ በብዙ አገር የታወቀ ልማድ ነው። ልጁም መሣሪያውን የሚወደው ስለ ብረቱ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ያባቱ እጅ ያለሰለሰውን ሰደፍ በያዘ ቍጥር ሟቹን ስለሚያስታውሰው ነው። በሕንድ አገር ሰው በላ አውሬዎችን በመግደል ስሙ የተጠራው ጂም ኮርቤት ግን ሚስት አላገባም፥ ልጅም አልወለደም። ስለዚህ መሣሪያዎቹ ወደ ማን እንዳለፉ መመርመር የሰውየውን ጠባይ ለማወቅ ይረዳል።

ኮርቤት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1875 ዓ.ም. በሰሜን ሕንድ በናይኒታል ከተማ ተወለደ። አባቱ የፖስታ ቤት ሹም ነበረ፤ እርሱም ልጁ ገና ሕፃን ሳለ በ1881 ዓ.ም. ስለ ሞተ ተኵስን ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ ቶም ነው። የመጀመሪያው ጠብመንጃውም ከዘመዶቹ አንዱ ለመጽሐፉ አዕዋፍን በመሰብሰብ ስለ ረዳው የሰጠው ሲሆን፥ ባሩድ ባፈሙዙ የሚጐረስ ባለ ሁለት አፈሙዝ አሮጌ መሣሪያ ነበረ። ቀኝ አፈሙዙ ባሩድ በዝቶበት ተሰንጥቋል፤ ሰደፉም በነሐስ ሽቦ ተጠፍሮ ነው የሚይዘው። ይሁን እንጂ ልጁ በዚህ ስብርባሪ መሣሪያ ጫካውን ተማረ። ካደገም በኋላ በጋንጅስ ወንዝ ዳር በሞካሜ ጋት የምድር ባቡር ዕቃ ጫኝና አራጋፊ ሠራተኞች አለቃ ሆኖ ከ20 ዓመት በላይ ኖረ።

በ1907 ዓ.ም. በቻምፓዋት አካባቢ አንዲት ታይገር ሕዝቡን አስጨንቃ ነበር። (ታይገር በኢትዮጵያ የሌለ፥ ገላው መሥመር በመሥመር የሆነ፥ ከነብር እጅግ የሚበልጥ አውሬ ነው።) በኔፓልና በኩማኦን 436 ሰው እንደ ፈጀች ተቈጥሯል። ኮርቤት እንዲገድላት በተለመነ ጊዜ ለገዳዩ የተመደበው ገንዘብ እንዲሰረዝና ሌሎቹ አዳኞች ከስፍራው እንዲነሡ አስቀድሞ ጠየቀ፤ ለገንዘብ የሚያድን ሰው መባልን ጠልቷልና። ባደኑም ቀን የያዛቸውን 3 ጥይቶች ተኵሶ ጨረሰ፤ አውሬይቱ ግን ገና በሕይወት ነበረች። ወዲያው ሮጦ የወረዳውን ግብር ሰብሳቢ ሹም አሮጌ ጠብመንጃ ነጠቀና በዚያ ጨረሳት። ሬሳዋ ሲመረመር ከቀኝ በኩል የላይና የታች ክራንቻዎቿ ከብዙ ጊዜ በፊት በጥይት ተሰብረው ተገኙ። የዱር እንስሳ ማደን አቅቷት ወደ ሰው የዞረችው እንግዲህ አንድ አዳኝ አቍስሎ ስለ ተዋት ነበረ።

የአገረ ገዡ ሰር ጆን ሂዌት ለኮርቤት በለንደኑ በሪግቢ ቤት የተሠራ፥ ጽሑፍ የተቀረጸበት የብር ሰሌዳ በሰደፉ ያለበት ጠብመንጃ ሸለመው። ሹሙም ጠብመንጃ፥ ካዳኙ ጋር የሄደው የመንደር ሰውም ያማረ የአደን ቢላዋ ተሰጣቸው፤ ሁለቱም ለልጅ ልጅ እንዲተላለፉ ተጽፎባቸው ነበር። መንግሥት ገንዘብ ቢሰጥ ኖሮ በጥቂት ወር ባለቀ ነበር።

ኮርቤት በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት 500 የኩማኦን ሰዎች ይዞ ወደ ፈረንሳይ ዘመተ። በ1926 ዓ.ም. ደግሞ በ8 ዓመት ውስጥ 125 ሰው የበላውን የሩድራፕራያግ ነብር በዚያው በሽልማቱ ጠብመንጃ ገደለ። ከዚህ በኋላ ግን ልቡ ከማደን ይልቅ ወደ ማዳን አዘነበለ፤ አውሬን በፎቶግራፍ ማንሣት ጀመረ፤ በ1936 ዓ.ም. ለተከለለው የዱር አራዊት ፓርክም ደከመ። በ1944 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፉ ስሙን በዓለም አሰማ።

ሕንድ ነጻ በወጣችበት በ1947 ዓ.ም. ከእኅቱ ከማጊ ጋር ወደ ኬንያ ለመሄድ ተሰናዳ። ብዙዎቹን መሣሪያዎቹን ለባዕድ ከመሸጥ ይልቅ በሚወደው ጫካ ውስጥ እንደ ቀበራቸው ይነገራል። የሪግቢውን ጠብመንጃ ግን ይዞት ሄደ። በኒዬሪ ከተማ ኖሮ በ1955 ዓ.ም. ዐረፈ፤ መቃብሩም በዚያው በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጠብመንጃው ወደ መጽሐፉ አሳታሚ ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አለፈ። መሣሪያ በመጻሕፍት መካከል ብዙ ዓመት መቀመጡ የሚያስገርም ነው። በ2015 ዓ.ም. የሠራው የሪግቢ ቤት ገዛው፤ በሚቀጥለውም ዓመት ለጥቂት ጊዜ ወደ ሕንድ ወስዶ ላገሩ ሰዎች አሳየው።

ሁለተኛው ወራሽ ግን ድኻ ገበሬ ነው። ኮርቤት ቾቲ ሃልድዋኒ የምትባለውን መንደር ገዝቶ፥ የዱር አውሬ አዝመራ እንዳያጠፋ ዙሪያዋን በድንጋይ አጥሮ ነበር። ሲሰናበትም ባለ አንድ አፈሙዝ ጠብመንጃውን ከመንደሩ ሰዎች ላንዱ ሰጠው፤ በማሳቸው የሚገባውን አውሬ እንዲያባርሩበት። ገበሬው ሲሞት ጠብመንጃው ለልጁ ደረሰ፤ ወደ መንደሪቱ ለሚመጡ እንግዶችም ሲያሳዩት ኖረዋል።