የሼህ በክሪ ሳጳሎ የሕይወት ታሪክ ባጭሩ



ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው ሐርላ የጥንት ከተማ ፍራሽ ያለባት ስፍራ ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ የተደረገው ቁፋሮ በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መስጊድ አስገኝቷል። የዚያን ሕዝብ ግንብ በዓይናችን እናያለን፤ ቋንቋውን ግን ዛሬ የሚናገረው የለም። አሁን በሐርላ የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። ቋንቋ በዘመን ብዛት እንደዚህ ይለወጣል፤ በስፍራ ርቀትም ይለያያል። ስለዚህ የሕዝባቸውን አነጋገር በጥሞና አዳምጠው ፊደል ያበጁለትን የሼህ በክሪ ሳጳሎን ታሪክ ለመጻፍ አሰብሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሼህ በክሪ በ1895 በሐረር አውራጃ ተወለዱ። መጠሪያ ስማቸው አቡበከር፣ አባታቸውም ገራድ ዑስማን ኦዳ የተባሉ ባለርስት ነበሩ። ሳጳሎ የሚለው ስም የተሰጣቸው ካስተማሩበት ስፍራ የተነሣ ነው። በወጣትነታቸው ቁርዓንንና የዐረብኛን ትምህርት ተከታትለው፣ ካወቁ በኋላ ዕድሜያቸውን በማስተማር አሳለፉ። በዐረብኛ መጻሕፍት ጻፉ፤ በኦሮምኛ የገጠሟቸው ግጥሞች ደግሞ ማንበብ በማይችለው ገበሬ ዘንድ ሳይቀር በቃል እየተያዙ ተሰሙ።

ነገር ግን ግጥሙን በጽሕፈት ለማስቀመጥ ሲፈለግ ችግር ነበረ። ኦሮምኛ አምስት አጫጭርና አምስት ረጃጅም አናባቢዎች አሉት። የዐረብኛ ፊደል የሚለየው ሦስቱን የአናባቢ ዓይነቶች ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደልም ቢሆን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። ለምሳሌ «በዳ» ብለን ብንጽፍ፣ «ዳ» ከላላ መጥፎ፣ ከጠበቀ ደጋ ማለት ይሆናል። እንደዚሁም «ቦና» አጥሮ ሲነገር በጋ፣ ረዝሞ ሲነገር ኩራት ነው። አንባቢው አስቀድሞ ካላወቀ በቀር ከጽሕፈቱ ሊለይ አይችልም።

በዚህ ላይ የአነጋገር ልዩነት ይጨመራል። የምዕራቡ ኦሮሞ ውስጥ ለማለት «ኬሳ» ሲል፣ የሐረርጌው «ኼሳ» ይላል፤ ላልቶ የሚነገረው የ«ከ» ድምፅ በምሥራቅ ወደ «ኸ» ተለውጧልና። አናሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ እየተረዱ በ1899 በኦሮምኛ ያሳተሙት መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ሲሆን፣ የተመሠረተውም በምዕራቡ አነጋገር ላይ ነበር። ሼህ በክሪ ግን ጆሯቸውን ያቀኑት አብረዋቸው ወደሚኖሩት ወደ ሐረርጌ ገበሬዎችና ወደ ደቀ መዛሙርታቸው አንደበት ነው።

በ1956 ሐጂ ፈጅ በተባለው ስፍራ ሲያስተምሩ፣ ከዐረብኛም ከግዕዝም ያልተቀዳ አዲስ ፊደል አወጡ። ፊደሉ አጭሩን አናባቢ ከረጅሙ የሚለይ፣ የሚጠብቀውንም ድምፅ የሚያሳይ ነበረ። ተማሪዎቻቸው በደስታ ተቀብለው ደብዳቤ ይጻጻፉበት ጀመር። ሆኖም የዚያን ጊዜ ባለሥልጣኖች ነገሩን በጥርጣሬ ተመለከቱት፤ በ1960ዎቹም ሼህ በክሪን በድሬዳዋ ከተማ ተወስነው እንዲቀመጡ አደረጉ፤ ፊደሉም እንዳይስፋፋ ተከለከለ። እርሳቸው ግን መጻፋቸውን አልተዉም።

በደርግ ዘመን፣ በ1978፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗቸው ሳለ አገራቸውን ጥለው ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ። ሚያዝያ 5 ቀን 1980 በስደተኞች ሰፈር ውስጥ ዐረፉ። ከ1991 ጀምሮ ኦሮምኛ በሰፊው የሚጻፈው ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል ስለ ሆነ፣ የሼህ በክሪ ፊደል የታሪክ ቅርስ ሆኖ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ቁቤም ረጅሙን አናባቢም ሆነ የሚጠብቀውን ድምፅ ሆሄውን እየደገመ ይለያል፤ ይኸውም ሼህ በክሪ ቀደም ብለው ያስተዋሉት ችግር እውነተኛ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ውድ ጓደኞቼ፤ በክፍላችን ውስጥ አንዱ «ኬሳ»፣ ሌላው «ኼሳ» ሲል ሰምተን የምንሳሳቅ አንጠፋም። ነገር ግን አንዱ የተሳሳተ፣ ሌላው የተስተካከለ አይደለም፤ ሁለቱም የአንድ ቋንቋ ልጆች ናቸው። ሼህ በክሪ የገበሬውን አነጋገር ሊታረም የሚገባው ስሕተት ነው አላሉም፤ ፊደል ይገባዋል አሉ እንጂ። የጥንት ሐርላዎች ድንጋይ ትተውልናል፤ እኛ ደግሞ ከድንጋይ ሌላ የአያቶቻችንን ቃል በየአነጋገሩ እየጻፍን ለሚመጣው ትውልድ ልናቆይ ይገባናል።