የበረኪና ሳልና የራማዚኒ ጥያቄ

በረኪና የሚለው ቃላችን ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ እነሱ ቫሬኪና ይሉታል። ሮም ውስጥ፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው ቪያ ቮልቱርኖና በዙሪያው፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈር፣ ሆቴል ወይም የሰው ቤት እያጸዱ የሚኖሩ እህቶቻችን ሽታውን አሳምረው ያውቁታል። ሳሉ ሲጠናባቸው ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ። ሲጋራና አለርጂ ይጠየቃሉ፤ ሥራቸውን የሚጠይቃቸው ግን ሁልጊዜ አይገኝም። ይህን ጥያቄ ለሐኪሞች ያስተማረው ሰው ሕክምናን የተለማመደው እዚያው ሮም ነበር።

በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1633 ካርፒ በምትባል ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፓርማ ተማረ፣ ሮም ሥራ ለመደ፣ በቪቴርቦ አካባቢ ሲያክም ወባ ይዞት ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ። በኋላ ሞደና ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ።

ዋናው ነገር የጀመረው ከሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። ሞደና ቤቱ ጉድጓድ ሲጠረግ አንዱ ሠራተኛ እንደዚያ የሚጣደፈው ለምን እንደሆነ ጠየቀው። ሰውዬው፣ እዚያ ውስጥ ከአራት ሰዓት በላይ የቆየ ዓይኑን እንደሚያጣ ነገረው። ሲወጣ ዓይኖቹ ቀልተው ፈዘዋል። መድኃኒታቸው ጨለማ ክፍል ተዘግቶ ዓይንን ለብ ባለ ውሃ ማጠብ ብቻ ነበር። ራማዚኒ በከተማው የሚለምኑ፣ በዚሁ ሥራ የታወሩ ሰዎችንም አይቷል። በጠራጊዎቹ ኪስ ያለ ሳንቲም እንደሚጠቁርም ልብ አለ። ዛሬ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የምንለውን ጋዝ ስም ሳያውቅ ዱካውን ማግኘቱ ነው። እኛ ፕሮግራመሮች ሎግ እናያለን፤ የእሱ ሎግ ሳንቲሙ ነበር።

በ1700 የሠራተኞችን በሽታ በየሙያው የሚተነትን መጽሐፍ አሳተመ። ሐኪም በሽተኛውን ከሚጠይቃቸው ነገሮች ጋር ሥራውንም ይጨምር አለ። የልብስ አጣቢ ሴቶችም አልቀሩበትም፤ የአመድ ውሃው እጃቸውን እንደሚሰነጣጥቅ፣ እንፋሎቱ ትንፋሻቸውን እንደሚያውክ ጻፈ።

ፊናሌ በምትባል ከተማ ስለተነሳ ክስም ይተርካል። አንድ ነጋዴ ኬሚካል ሲያመርት የሚወጣው ጭስ ሰፈሩን አሳመመ ተብሎ ተከሰሰ። ከሳሹ የሐኪም ምስክርነትና የደብሩን የሟቾች መዝገብ ይዞ ቀረበ፤ መዝገቡ በደረት በሽታ የሞቱት እንደሚበዙ ያሳያል። ፍርዱ ግን ለነጋዴው ሆነ። መረጃ ይዞ መሸነፍ ያኔም ነበር እንግዲህ። ራማዚኒ በ1714 ፓዶቫ ሞተ።

የዛሬው ጉዳይ ይኸው ነው። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲደባለቅ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ከአሞኒያ ጋር ሲሆን ክሎራሚን። ሁለቱም ዓይን፣ ጉሮሮና ሳንባ ይቆጣሉ። በብዛት የተሳበ ክሎሪን ሳንባን የሚጎዳው ከሰዓታት በኋላም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ለጊዜው ተሻለኝ ብሎ መተኛት ያታልላል። መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ቶሎ ይነጣል ተብሎ ሁለቱን ማፍሰስ የተለመደ ነገር ነው እኮ! እንዲህ ሲሆን ወዲያው ወጥቶ ንጹሕ አየር መሳብ፣ ትንፋሽ ካጠረ ሐኪም ቤት መሄድ፣ ምን ከምን እንደተደባለቀም ሳይጠየቁ መናገር ነው።

ሆቴል የምትሠራዋን የጣሊያን የሥራ ደህንነት ሕግ፣ የ2008ቱ ቁጥር 81፣ ያውቃታል፤ አሠሪዋ ስለ ኬሚካሉ ሊያስረዳትና ጓንት ሊሰጣት ግድ ይለዋል። በሰው ቤት የምታጸዳውን ግን ይኸው ሕግ ሠራተኛ ለሚለው ቃል ከሰጠው ትርጉም በግልጽ አውጥቷታል።